«ፒቲ»ን ለእንግዳ ከማለታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ጢስ ዓባይ ላይ እንግዳ ማስጎብኘት ለጀመራችሁ ልጆች ነው። ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ እኔን ያዋረደኝ «ፒቲ» ነው።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን እናቴን የምታክል እንግዳ ፏፏቴው ፊት ቆማ፣ «ከባለቤቴ ጋር ልንመጣ ነበር፤ አምና ሞተብኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እንደ አገሬ ሰው ከንፈሬን መጠጥኩና «አይ ፒቲ ዩ» አልኳት። በልቤ «እኔን!» ማለቴ ነበር። ፊቷ ክስም አለ፤ መኪናው ዘንድ እስክንደርስ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ጥፋቴ ሁለት ነው። «አይ ፒቲ ዩ» ሲፈታ «አዝንልሃለሁ» ይመስላል እንጂ እነሱ ጆሮ ሲገባ «አንተ ምስኪን» ዓይነት ነው፤ ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ሐዘኔታ። ንቀትም ሊሆን ይችላል። ከንፈር መምጠጡ ደግሞ ባሰ፤ ያ ድምፅ እነሱ ዘንድ ተግሣጽ ነው፣ ልጅ ሲያጠፋ የሚሰማ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ሲገጥማችሁ «አይ አም ሶ ሶሪ» በሉና ዝም በሉ።

ፒቲ ብዙ የሚያገለግላችሁ ከፊቱ «ኤ» ስትገባ ነው። «ዋት ኤ ፒቲ!» ሰው ላይ አያርፍም፣ ነገሩ ላይ ነው፤ የእኛ «አይ፣ ሲያሳዝን!» በሉት። በመጋቢት የመጣ እንግዳ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነው ገደል ክር የመሰለ ውሃ ሲንጠባጠብ ካየ ይህንኑ ይላል። እናንተም «ዬስ፣ ኢት ኢዝ ኤ ፒቲ» ብላችሁ ምክንያቱን ንገሩት፦ በጋ ነው፣ ደግሞም ከዓባይ የሚጠለፈው ውሃ መብራት ያመነጫል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛውና ትልቁ በ2001 ሥራ ጀመሩ። ክረምት ማብቂያ ላይ ቢመጣ የሚያየውንም አትርሱ። ሊሰናበቱ ሲሉ ደግሞ «ኢትስ ኤ ፒቲ ዩ ካንት ስቴይ» ማለት «ምነው ባደራችሁ ኖሮ» ነው፤ ደስ ይላቸዋል። ብቻ ቀላል ቃል መሆኗን እወቁ። አውቶቡስ ላመለጠው ትሆናለች፣ ለሞት አትሆንም። «ዋት ኤ ሼም» የሚላችሁም አለ፤ ያው ነው፣ ኀፍረት የለበትም።

አነጋገሩ ላይ አትጨነቁ። «ፒ»ን አታስረዝሟት፣ አሜሪካኖቹ «ፒዲ» የሚሉ ቢመስላችሁም ሌላ ቃል አይደለም።

«ቴክ ፒቲ ኦን» ከማዘን አልፎ አዝኖ ማድረግ ነው። በሐምሌ ዝናብ ወደ ባሕር ዳር በእግሬ ስሄድ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አቁሞ ከነጭቃዬ ገቢና ከተተኝ። «ዘ ድራይቨር ቱክ ፒቲ ኦን ሚ» የምለው ያንን ነው። መጨረሻዋ «ኦን» ናት። ልብ ብቻ አዝኖ እጅ ካልተዘረጋ «ፊል ፒቲ ፎር» ይሆናል። ሁለቱም ላይ «ኤ» አትገባም። «ሰልፍ ፒቲ» ለራሱ ከንፈር የሚመጥ ሰው ነገር ነው፤ ምስጋና አይደለም።

ወጥመዱ «ፒቲፉል» ነው። ያየው ሁሉ «ርኅራኄ የሞላበት» ብሎ ይፈታዋል፤ ጥንት እንዲያ ማለትም ነበር። ዛሬ ግን ወይ አሳዛኝ ነው ወይ የማይረባ። ደመወዝ ፒቲፉል ይሆናል፣ ሰበብም ይሆናል። ለደግ ሰው «ካይንድ» ይበቃል። አንድ ባልደረባዬ፣ የእንግዶቹን ሻንጣ ሁሉ ብቻውን የተሸከመውን ሹፌራችንን ሊያመሰግን «ሂ ኢዝ ኤ ፒቲፉል ማን» አላቸው። ዞረው ሹፌሩን አዩት። እሱ ቋንቋውን አይሰማም፤ ስሙ በደግ የተነሣ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው።