ከሲያትል ወደ ካናዳ ተሻግሮ ካምፕ ለማድረግ፦ ከቀን ምርጫ እስከ መመለሻ

ሲያትል ለምንኖር ሰዎች ሌላ አገር ሄዶ ድንኳን ውስጥ ማደር የሦስት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። ለጓደኛሞች የምመክረው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው የካናዳ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር) ውስጥ፣ ቺሊዋክ ከተማ አጠገብ ያለውን ከልተስ ሌክ ነው። ሐይቅና ጫካ አለው፣ ገበያም ቅርብ ነው። ዋናው ስራ ያለው ግን ከጉዞው በፊት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ሌበር ዴይ (የሠራተኞች ቀን) በሁለቱም አገር በአንድ ቀን ስለሚውል የካምፕ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። በሜይ መጨረሻ ሰኞ የሚውለው ሜሞሪያል ዴይ ግን የአሜሪካ በዓል ብቻ ነው። የካናዳው በዓል ቪክቶሪያ ዴይ ሁልጊዜ ከእሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ያልፋል። ስለዚህ እኛ ሰኞን ስናርፍ እነሱ ስራ ላይ ናቸው፤ በተለይ የእሁድ ሌሊት ቦታ በቀላሉ ይገኛል። የፕሮቪንሱ ፓርኮች ቡኪንግ የሚከፈተው ከ4 ወር በፊት ስለሆነ ለሜይ መጨረሻ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ያዙ። አንድ ቦታ ቢበዛ 8 ሰው ይይዛል፤ ከእነዚህ ውስጥ 16 ዓመት የሞላቸው ከ4 መብለጥ የለባቸውም። ስምንት አዋቂ ከሆናችሁ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ውሰዱ።

ቀጥሎ ወረቀት። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ የሁሉንም ሰው ፓስፖርት አይታችሁ አረጋግጡ። የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርቱን ይይዛል። ግሪን ካርድ ያለው ቪዛ አያስፈልገውም፣ ግን ከ2022 ወዲህ ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርት ማሳየት አለበት። ብዙ ሀበሻ የሚያዘው እዚህች ጋ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ እሱም ግሪን ካርዱን ተማምኖ ረስቶታል። ማሳደስ ጊዜ ስለሚወስድ ቦታ በያዛችሁበት ቀን ጠይቁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ጓደኛ ካለ ጠበቃውን ሳያማክር ከአሜሪካ እንዳይወጣ። ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰውም ካናዳ ልትመልሰው ትችላለች። አንድ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የአንዱ ችግር የሁሉም ነው፤ ጓደኛን ድንበር ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ አይሆንም።

ስትጭኑ ማገዶ አትያዙ። በእንጨት ውስጥ ተባይ ይሻገራል ተብሎ ይከለከላል፤ እዚያው ግዙ። ካናቢስ በሁለቱም ወገን ሱቅ ቢሸጥም ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው። መኪና ውስጥ ሽጉጥ የሚያስቀምጥ ካለ ቤቱ ይተወው። እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ አያስቸግሩም። ስጋውን ግን ቺሊዋክ ደርሳችሁ ብትገዙ ይሻላል፣ ከጥያቄ ትድናላችሁ። ጀበናውን በፎጣ ጠቅልላችሁ ትልቁ ድስት ውስጥ ክተቱት፤ አንገቱ የሚሰበረው መንገድ ላይ ነው። ቡታጋዝም አይቅር። በደረቅ ወራት እሳት ማንደድ ሊከለከል ይችላል፣ በሜይ ደግሞ ዝናቡ እንጨቱን ያረጥበዋል። የሜይ ሌሊት እዚያ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ስሊፒንግ ባግና ከድንኳኑ ስር የሚነጠፍ ሸራ ያዙ።

መንገዱ በአይ-5 አውራ ጎዳና እስከ ቤሊንግሃም ከተማ፣ ከዚያ ወደ ሱማስ የድንበር ኬላ ነው። ፒስ አርች ከሚባለው ሌላ ኬላ ይልቅ ሱማስን የምመርጠው ለቺሊዋክ ስለሚቀርብ ነው። ኬላው ጋ ስትደርሱ ፓስፖርቱን ሁሉ ሾፌሩ ይያዝ፣ ሙዚቃው ይጥፋ፣ የኋላው መስኮት ይውረድ። የት ትሄዳላችሁ፣ ስንት ቀን፣ ምን ይዛችኋል ይባላል። አንድ ሰው ብቻ በአጭሩ ይመልስ። ምግብና መጠጥ ካለ የያዛችሁትን በሙሉ ተናገሩ።

ቦታችሁ ስትደርሱ ሳይመሽ ድንኳን ትከሉ። አካባቢው ድብ አለው። ጥብሱ እንዳለቀ ድስቱ ይታጠብ። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ድንኳን ውስጥ ቆሎ እንኳ አታስገቡ። ድብ አንዴ የሰው ምግብ ከለመደ መጨረሻው መገደል ነው፤ ይሄ በእኛ ስንፍና ሲሆን ያሳዝናል። ቡናውን ጠዋት ቁሉት፣ በመኪናው ከለላ፣ ንፋስ በማይነካው በኩል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ሰዓት በኋላ ግን ጨዋታው ዝቅ ይበል። ጎረቤቶቻችሁ ልጆች ይዘው ተኝተዋል።

ሰኞ ከሰዓት ወደ አሜሪካ የሚመለሰው ሰልፍ ይረዝማል፤ ጠዋት ቁርስ በልታችሁ ውጡ። የተረፈ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ስጋ እዚያው ጨርሱ። ኩለሩ (የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥኑ) ውስጥ የቀረ ነገር ካለ፣ አንዲት ብርቱካንም ብትሆን፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ።