«ሁ»ን እና «ዊች»ን ጥሎ በፓርቲሲፕል እንዴት ይጻፋል?

አማርኛ «በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ» ሲል «የ» ብቻዋን ሥራውን ትጨርሳለች። እንግሊዝኛ «ዘ ማን ሁ ኢዝ ስታንዲንግ አት ዘ ዶር» ይላል፤ ሲያሳጥር «ሁ ኢዝ»ን ጥሎ «ዘ ማን ስታንዲንግ አት ዘ ዶር» ይለዋል። መጣሉ ቀላል ነው። የሚከብደው ከሁለቱ ፓርቲሲፕሎች (ስምን የሚገልጹ የግስ ቅርጾች) የቱ ይግባ፣ «ኢንግ» ያለው ወይስ ቨርብ ስሪ (የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ) የሚለው ነው።

መጀመሪያ «ሁ»፣ «ዊች» ወይም «ዛት» የግሱ ባለቤት መሆኑን ይዩ። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦውት» ላይ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ መጽሐፉ አይደለም። እዚህ «ዛት»ን መጣል ይቻላል፤ ፓርቲሲፕል ግን አይገባም።

ባለቤት ከሆነ የሚገለጸው ስም አድራጊ ነው ወይስ የተደረገበት ብለው ይጠይቁ፤ ለአድራጊ «ኢንግ»፣ ለተደረገበት ቨርብ ስሪ ይገባል። ዓባይ ከጣና የሚወጣው ራሱ ነው፤ ስለዚህ «ዘ ሪቨር ፍሎዊንግ አውት ኦቭ ሌክ ጣና»። ወንዙ ሁልጊዜ የሚፈስ ነውና «ኢንግ» የግድ «አሁን» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ግን በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው፤ «ዘ 11 ቸርችስ ካርቭድ አውት ኦቭ ሮክ»። ቨርብ ስሪውን በቃል መያዝ ግድ ነው፤ «ዘ ሌተር ሪትን ባይ ማይ ብራዘር» ይባላል እንጂ «ሮት» አይባልም።

አሁን ብዙዎቻችንን የሚያስተው ቦታ ላይ ደረስን። «ነጠላ የለበሰችው ልጅ» በአማርኛ ያለፈ ጊዜ ይመስላል። ልጅቷ ግን ነጠላውን አሁንም እንደለበሰች ናት፤ የለበሰችውም ራሷ ናት። ስለዚህ «ዘ ገርል ዌሪንግ ኤ ነጠላ» ነው። «አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አሮጊት» ላይ ደግሞ «ተ» አለችና ተደራጊ ይመስላል፤ አሮጊቷን ግን ማንም አላስቀመጣቸውም፤ «ዘ ኦልድ ዉማን ሲቲንግ ኦን ዘ ቤንች»። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ለበሰ፣ ያዘ፣ ተኛ፦ እነዚህ ሲመጡ የአማርኛውን ቅርጽ ትተው ሰውየው አሁን ያለበትን ሁኔታ ይመልከቱ።

«እየተሠራ ያለው ቤት» ሲሆን «ቢንግ» ይጨመራል፦ «ዘ ሀውስ ቢንግ ቢልት»። ያለ «ቢንግ» ከጻፉት ቤቱ ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለፈ ድርጊት ሲሆን አድራጊውን በ«ኢንግ» አያሳጥሩ። «ስልኬን የሰረቀው ልጅ» ያው «ዘ ቦይ ሁ ስቶል ማይ ፎን» ሆኖ ይቀመጥ። «ስቲሊንግ» ካሉ አንባቢው ስርቆቱ ገና እየተካሄደ ነው ብሎ ይረዳል።

ጽፈው ሲጨርሱ ዋናውን ግስ ይፈልጉ። «ዘ ማን ስታንዲንግ አት ዘ ዶር» ብለው ነጥብ ካስቀመጡ ሰውየው ምን እንደሆነ ገና አልተናገሩም። «ኢዝ ማይ አንክል» ሲጨመርበት ነው ዐረፍተ ነገር የሚሆነው።