ሰርግ በሌለበት ወር፦ ለባሕር ዳር ጀማሪ ዲዛይነሮች

ጥር ላይ እንቅልፍ የለም። መጋቢት ላይ ደግሞ ስልኩ አይጮኽም። የሀበሻ ልብስ ዲዛይን ባሕር ዳር ላይ የሚሰራ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ግን ስንት ጎበዝ ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲው የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ተመርቆ የወጣው ሁሉ ሳይቀር፣ የመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ሲመጣበት «እኔ ለዚህ ስራ አልሆንም» ብሎ ሱቁን ይለቃል። ያንገበግበኛል። እጁ ላይ ምንም ችግር የለም። ጾም ገባ፣ በቃ።

እና መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ዓመቱን አስሉት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ሰው ታኅሣሥ ላይ ይመጣል፣ ከጥምቀት ማግስት ሰርጉ ይከተላል። ከዚያ 55 ቀን ዝም። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ጾም እንደገና ይሞቃል፣ ክረምቱ ይቀዘቅዛል፣ እንቁጣጣሽ ትንሽ ያነቃቃዋል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባም። ቶሎ በሚገባበት ዓመት ሰርጉ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይታጨቃል፤ ስለዚህ ትዕዛዝ መቀበል የምታቆሙበትን ቀን ገና ኅዳር ላይ ቁረጡ።

ቀብድ ሳትቀበሉ መቀስ አታንሱ። ክሩና የሸማኔው ዋጋ ከኪሳችሁ ከወጣ፣ ሰርጉ የተራዘመ ቀን ኪሳራው የናንተ ነው። ዘመድና ጎረቤት ላይ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። «እትዬ፣ የሸማኔውን ብቻ አሁን ይስጡኝ፤ የእኔን ልብሱን ሲወስዱ ይከፍሉኛል» በሉ። ማንም አይቀየማችሁም።

ሸማኔውን በጥር ብቻ የምታስታውሱት ከሆነ ግን ምንም ብታቅዱ አይሰራም። በጾም እሱም ስራ ይቀንስበታል። ያኔ ጥቂትም ቢሆን ስራ ስጡት፣ ሂሳቡንም በሰዓቱ ክፈሉት፤ አዲስ ጥለት አብራችሁ ሞክሩ፣ የባሕር ዳር ሙቀት ላይ የማይከብድ ሳሳ ያለ ሸማ አሰሩትና አስቀምጡ። ሁሉም ዲዛይነር በሩ ላይ በሚሰለፍበት ሰሞን የናንተን ስራ የሚያስቀድመው በዚህ ነው። በማሽን የታተመ ርካሽ «ጥበብ» ገበያውን ሲያጥለቀልቀውም መልሳችሁ እሱ ነው። በዋጋ አትፎካከሩ፣ አትችሉም። ጨርቁን ገልብጣችሁ ለደንበኛዋ አሳዩአት፤ በእጅ የተሸመነው ክሩ ከጀርባ ይታያል፣ የታተመው ከጀርባ ይደበዝዛል። እሷው ራሷ በጣቷ ዳስሳ ትለየዋለች።

ለቀዝቃዛው ወር ሌላ ስራ ያዙ። ነሐሴ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። ማጥበብ፣ ማስፋት፣ የድሮ ቀሚስ ማደስ አለ። ጣና ዳር ያሉ ሎጆችና ሆቴሎች የሰራተኛ ልብስ ያሰፋሉ፤ ግን እንግዳ ሲጠፋ እነሱም ስለሚቀንሱ እነሱን ብቻ አትመኑ። ዩኒፎርም መስፋት ዲዛይነርን ዝቅ ያደርጋል የሚል ሰው የቤት ኪራያችሁን አይከፍልም።

የደንበኛ ስልክና ልኬት ደብተር ላይ ጻፉ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በቴሌግራም ብቻ ይሸጡ የነበሩ ልጆች ደንበኞቻቸው በአንድ ቀን ጠፉባቸው። ደብተር የነበራቸው ደወሉ። መብራትም ይሄዳልና በእግር የሚሰራውን ሲንጀር አትሽጡት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ጥር ላይ የገባው ብር ትርፍ ይመስላል እንጂ ግማሹ የመጋቢት ኪራይ ነው። ዕቁብ ግቡ። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ክረምት ላይ ከሚደርሰው ሰው ጋር ተነጋግራችሁ ተቀያየሩ፣ ዳኛውም አብዛኛውን ጊዜ አይከለክልም። ሐምሌ ላይ የሚደርስ ዕቁብ የመስከረምን ክር ይገዛል።