የአብርሃምን መሥዋዕት በሸክላ ገበታ ላይ እንዴት እንተርካለን?

ደሴ ላይ ልጆችን ቅርጻ ቅርጽ ሳስተምር የምጀምረው ከአብርሃም መሥዋዕት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱም የመድረሳውም ልጅ ታሪኩን ከቤቱ ይዞት ስለሚመጣ ቶሎ ወደ እጅ ሥራው እንገባለን።

ጠጠርና ሥር የሌለበት፣ በደንብ የታሸ የሸክላ ጭቃ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አወፍራችሁ ጠፍጥፉ።

ከዚያ ቅጽበቱን ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1401 የጣሊያኗ ከተማ ፍሎረንስ ለቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ጥምቀት የነሐስ በር የሚሠራላት ሰው ስታወዳድር ለፈተና የሰጠችው ይህንኑ ታሪክ ነበር። የሁለቱ ተወዳዳሪዎች፣ የብሩኔሌስኪና የጊበርቲ ሥራዎች ዛሬም እዚያው ከተማ፣ ባርጄሎ ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ ፎቷቸውን በስልካችሁ አውጡና አስተያዩ። ብሩኔሌስኪ ቢላዋውን አንገት ላይ አድርሶታል፤ መልአኩም የአብርሃምን ክንድ ጨብጦ ይዟል። ጊበርቲ ግን ቢላዋው ሳይነካ፣ መልአኩም ገና ከሰማይ እየደረሰ ሳለ ያቆመዋል። እኔ የጊበርቲን እመርጣለሁ፤ የሚያየው ሰው በልቡ «ድረስለት!» ይላልና።

ዓለቱንም ልብ በሉ። ዘፍጥረት 22 ላይ አብርሃም ሎሌዎቹን ከአህያው ጋር ወደ ኋላ እንዲቀሩ ያዛቸዋል። ጊበርቲ ገበታውን በሰያፍ የሚከፍል ዓለት አቁሞ እነሱን በአንድ ወገን፣ አባትና ልጅን በሌላው አደረገ። ያንን ትእዛዝ ድንጋዩ ይናገረዋል። እናንተም ከሰዎቹ በፊት ዓለቱን ሥሩ።

ዋናው ጥበብ ውፍረቱ ላይ ነው። ጊበርቲ ከ1425 እስከ 1452 በሠራው፣ «የገነት በር» በሚባለው ባለ 10 ገበታ በር ላይ የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ ተመልከቱ። ልደታቸውና የብኩርናው ሽያጭ ከኋላ ቀጠን ብለው፣ የይስሐቅ በረከት ደግሞ ከፊት ጎልቶ ይታያል። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ ታሪኩ በየክፍሉ በመስመር ይለያል፤ እዚህ ግን ያዕቆብ ያለ አንዳች ወሰን በአንድ ግቢ ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል። እኔ ይህን ስመለከት ውዬ ባድር አልጠግብም! ለእናንተ ገበታ ሦስት ደረጃ ይበቃል፦ የፊቱ ሰው አውራ ጣት ያህል ይውጣ፣ መካከለኛው ግማሹን፣ የሩቁ ተራራ በስንጥር ብቻ ይጫር።

እየሠራችሁ ብርሃኑን ከጎን አምጡ። ከላይ የሚወርድ አምፖል ገጽታውን ያጠፋዋል። ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘነብል በመስኮት የሚገባው ብርሃን እጅግ ጥሩ ነው፤ ጉም በሆነ ቀን የስልክ መብራት በጎን ያዙ። ጥላ ያልጣለ እጅ ካያችሁ ከሥሩ ያለውን ጭቃ ቆርጣችሁ አውጡ።

ሲያልቅ በፌስታል ሸፍናችሁ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ቀጭኑ ከወፍራሙ ቀድሞ ስለሚደርቅ ፀሐይ ላይ ከወጣ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ የደረቀ ስንጥቅ ደግሞ እርጥብ ጭቃ አይዝም። ስለዚህ በየማለዳው ገልጣችሁ እዩ፤ ቀጫጭኑ ቦታ መንጣት ከጀመረ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት።