በወበቅ የዳገት ሩጫ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች የጁላይን ወበቅ እናውቀዋለን። ኤሲ ካለበት ቤት ገና ሲወጡ መነጽር በእንፋሎት ይሸፈናል። በዚህ አየር ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ለውድድር የሚሰለፉ ሐበሾች ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ያንኑ ስህተት ደጋግመን እንሠራለን። አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ሆስፒታል ያደርሳል።

«የከፍታ ልጅ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ?»

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ያታልላል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦን እየወጣ ያደገ ሰው የሜሪላንድ ኮረብታ አያስፈራውም። እንጦጦ ላይ ግን አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ላብ ቶሎ ይተናል። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። ወበቅ ውስጥ አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ላባችን ዝም ብሎ ይንጠባጠባል፤ ሙቀቱ እኛው ጋ ይቀራል። ጫካው ጥላ ቢሰጥም ነፋስ አያስገባም። ዳገት ላይ ደግሞ እርምጃችን ስለሚዘገይ በሩጫችን የምናገኘው ትንሽ ነፋስም ይቀርብናል።

በ2019 የዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነበር የተጀመረው። እንደዚያም ሆኖ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ወበቁ ሌላ። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። የኢትዮጵያ ሯጮች ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም። መንገዱ ሜዳ ነበር፤ ዳገት እንኳን አልነበረውም። እነሱን ያቃተ አየር እኛን አይምርም። አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። ፋጡማ ሮባ በ1996 ወበቅና ዳገት በማያጣት አትላንታ 2፡26፡05 ሮጣ ወርቅ አምጥታለች።

የእርጥበቱን ፐርሰንት ብቻ ማየት

ጠዋት 90 በመቶ የነበረው ከሰዓት 55 ይሆናል፤ ሰውም «ቀለለ» ይላል። አየሩ ስለሞቀ ነው እንጂ ውሃው የትም አልሄደም። ስልካችሁ ላይ ዲው ፖይንት የሚለውን፣ ማለትም አየሩ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ የሚያሳየውን የሙቀት ቁጥር እዩ። ከ70 ፋራናይት፣ ማለትም ከ21 ሴልሺየስ ካለፈ፣ የሰዓት ዕቅዳችሁን ተዉት።

ለሰዓት ተገዝቶ መሮጥ

ሜዳ ላይ በአምስት ደቂቃ የምትጨርሱት ኪሎ ሜትር እዚህ ሰባት ወይም ስምንት ሊወስድ ይችላል። የደከማችሁ ሲመስላችሁ አትደንግጡ፤ ልብ ሁለት ሥራ ይዟል። ደም ወደ እግርም፣ ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳም ይልካል። እኔ የምለካው በትንፋሽ ነው። መጀመሪያው ግማሽ ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ መናገር ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው።

ቀጥ ያለ ዳገት ላይ መራመድም ነውር አይደለም። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ፣ በአጭር እርምጃ ውጡ። አጠገባችሁ እያለከለከ የሚሮጠው ሰው የሚቀድማችሁ በጥቂት ሜትር ነው። ጫፍ ላይ ስትደርሱ እሱ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ እናንተ መሮጥ ትጀምራላችሁ።

ጂም ውስጥ ብቻ መለማመድ

ብዙዎቻችን የምንሠራው በሺፍት ስለሆነ ኤሲ ሥር ትሬድሚል ላይ እንሮጣለን። እረዳለሁ። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ግን ሙቀት ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ያኔ ላብ ቀድሞ ይመጣል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ፀሐይ ላይ መውጣት ዳገት ሥር ደርሶ በቅሎን እንደመቀለብ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩ፤ በቀን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በቀስታ ይበቃል።

ውሃ አለመጠጣት፣ ወይም ያለ ልክ መጠጣት

ስለ መጀመሪያው ሁሉም ሰው ያወራል። ሁለተኛው ግን ይገድላል። ሳይጠማችሁ በየጣቢያው ውሃ ከገለበጣችሁ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ጣት ያብጣል፣ ቀለበት ይጠብባል፣ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ሰው ደግሞ «ውሃ አጥሮት ነው» ብሎ ሌላ ጠርሙስ ያቀብላል! ሲጠማችሁ ጠጡ። ልምምድ ላይ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ ክብደት ከጨመራችሁ አብዝታችኋል። ኮፍያችሁ ላይ ነጭ የጨው መስመር የሚቀር ከሆነ ጨው አትርሱ። እኔ ከውድድሩ ሦስት ሰዓት በፊት ጨው ያለው በሶ እበላለሁ፤ ሯጮች ለጉልበት ከሚወስዱት ጣፋጭ ጀል ይልቅ ለሆዴ ይስማማኛል። ለጉልበት ሕመም ብላችሁ አይቡፕሮፌን ውጣችሁ አትሩጡ፤ ውሃ ካነሰው ሰውነት ጋር ተደምሮ ኩላሊት ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ እዚህ ኦገስት 7 ይገባል፤ ወበቁ በሚበረታበት ሰሞን ማለት ነው። የጾም ምግብ በልቶ መሮጥ ይቻላል። እህልና ውሃ ሳይቀምሱ በዚህ አየር መወዳደር ግን አደጋ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ለመስከረም የሚሆን ሌላ ውድድር ምረጡ።

ቁልቁለትን እንደ እረፍት ማየት

ጭን የሚያልቀው እዚያ ነው። ወደ ኋላ ተለጥጦ በተረከዝ ፍሬን መያዝ ጡንቻን ይሰባብራል። አጭርና ፈጣን እርምጃ ይሻላል። ዓይናችሁ ከእግራችሁ ሦስት አራት ሜትር ቀድሞ ይሂድ፤ እርጥብ የዛፍ ሥር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

የጥጥ ካልሲ

ላብ ይይዛል፣ እግር ያቆስላል። ሰው ሠራሽ ወይም የሱፍ ካልሲ አድርጉ፤ ብብትና ጭን መካከል ቫዝሊን ተቀቡ። ቤት ስትገቡ ከጉልበታችሁ ጀርባና ብሽሽታችሁ ላይ መዥገር ፈልጉ። የዚህ አገር መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ በወረንጦ ቶሎ ማውጣት ነው።

«ደህና ነኝ» የሚልን ሰው ማመን

አንድ ጁላይ ከጓደኛዬ ጋር ስንሮጥ 11ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ መወላገድ ጀመረ። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለኝ። «ስንት ኪሎ ሜትር ቀረን?» ስለው ቁርስ ምን እንደበላ ነገረኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰውነት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚዛባው አእምሮ ነው፤ ሰውየው ራሱን መዳኘት አይችልም። ላብ እየወረደውም ሊሆን ይችላል፣ «ላቡ ካልቆመ አያሰጋም» አትበሉ። ቁጥር ጠይቁት፣ ቀኑን ጠይቁት። መልሱ ከተምታታ ሩጫው አብቅቷል። 911 ደውሉ፣ ጥላ ሥር አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁለት። ገንዳ ካለ ከአንገቱ በታች በረዶ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ያዙ። ከሌለ ያገኛችሁትን ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። አምቡላንሱ ደርሶ እስኪረከባችሁ ድረስ ማቀዝቀዙን አታቋርጡ።