የስቱዲዮ ፍላሽ ችግርና መፍትሄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሞተው ፍላሽ እና ሌሎቹ

በጥር ሙሽራ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሙሽራ፣ ቀጥሎ የምርቃት ጋዋን። ፎቶ ቤቶች ሥራ ሲበዛባቸው የኔም የጥገና ጠረጴዛ በፍላሽ ይሞላል። ብልሽቱ ግን ብዙ ዓይነት አይደለም፤ ያው እየተመላለሰ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ገመዱን፣ ማብሪያውንና ትሪገሩን (ካሜራው አናት ላይ ሆኖ ፍላሹን በሬዲዮ የሚያስመታውን) አይታችሁ አሁንም ለተቸገራችሁ ነው። ትንንሾቹን ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። አንዱን ግን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ከሁሉም በላይ ንብረት የሚበላው እሱ ነው።

የፎቶው ግማሽ ጥቁር ሆነ

የሹተር ፍጥነታችሁ ከካሜራው የሲንክ ፍጥነት፣ ማለት ከፍላሽ ጋር አብሮ ሊሠራ ከሚችልበት ገደብ፣ በልጧል። ካኖን 6ዲ ላይ ገደቡ 1/180 ሰከንድ ነው፣ ኒኮን ዲ850 ላይ 1/250። ርካሽ ትሪገር የራሱን መዘግየት ስለሚጨምር ገደቡ ላይ እያላችሁም ከታች ቀጭን ጥቁር መስመር ሊያመጣ ይችላል። 1/125 ላይ አድርጉትና እርሱት። ስቱዲዮ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያቆመው ፍላሹ ነው እንጂ ሹተሩ አይደለም።

በቴስት ቁልፉ ይመታል፣ በካሜራው አይመታም

ፍላሹ ጤነኛ ነው። ይዛችሁት ወደ ጠጋኝ አትሂዱ። መጀመሪያ ካሜራው ድምፅ አልባ ሹተር ላይ መሆኑን እዩ፤ ብዙዎቹ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች በኤሌክትሮኒክ ሹተር ፍላሽ አያስመቱም። ቀጥሎ የትሪገሩንና የፍላሹን ቻናልና ግሩፕ አመሳስሉ። ትሪገሩን ካሜራው አናት ላይ እስከ መጨረሻው ግፉትና አጥብቁት፤ በግማሽ ገብቶ የቀረ ትሪገር አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። የጎዶክስ ትሪገር ከሆነና ፍላሹ አጠገባችሁ ቆሞ ካልመታ፣ ሜኑው ውስጥ ያለውን የርቀት ምርጫ ከ0 እስከ 30 ሜትር በሚለው ቀይሩት።

ድንጋዩንም አውጡና እዩ። ትሪገር ውስጥ ወራት ያስቆጠረ ድንጋይ ያፈስና ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይተዋል። በጥጥ ጫፍ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ አስነክታችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በአልኮል አጽዱት፣ አድርቁት። ሥራ ሲያልቅ ድንጋዩን ማውጣት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሚረርለስ ላይ ደግሞ ፍላሹ እየመታ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነባችሁ ብልሽት አይደለም። ካሜራው ያስተካከላችሁትን ብርሃን ቀድሞ ሊያሳያችሁ ስለሚሞክር ነው፤ ያንን ምርጫ ከሜኑ አጥፉት።

ፍላሹ ይመታል፣ ፎቶው ላይ ግን ብርሃኑ የለም

የካሜራው ፍላሽ ቲቲኤል (ካሜራው የፍላሹን ኃይል ራሱ የሚለካበት) ላይ ወይም ቀይ ዓይን መከላከያ ላይ ነው። ዋናው ከመምታቱ በፊት የሙከራ ብልጭታ ይልካል፣ ስቱዲዮ ፍላሹ ኤስ1 (ሌላ ፍላሽ ሲበራ አይቶ የሚመታበት ምርጫ) ላይ ከሆነ ያንን አይቶ ቀድሞ ይመታል። የካሜራውን ፍላሽ ማኑዋል አድርጉት፤ ካልሆነ ስቱዲዮ ፍላሹን የሙከራውን ብልጭታ በሚያልፈው ኤስ2 ላይ አድርጉት። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ግን ኤስ1ንም ኤስ2ንም አጥፉና በሬዲዮ ብቻ ሥሩ። ሌላ ፎቶ አንሺ ፍላሽ ባበራ ቁጥር የእናንተም አብሮ ይመታል፣ እናንተ ስትፈልጉት ገና እየሞላ ያገኛችሁታል።

አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለማ

ፍላሹ ሳይሞላ እያስመታችሁት ነው። ድምፁን ክፈቱና "ቲት" እስኪል ጠብቁ። ከወትሮው ዘግይቶ የሚሞላ ከሆነ ፍላሹን ከመክሰሳችሁ በፊት ኤክስቴንሽኑን እዩ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ኤክስቴንሽን ውስጡ ክር የሚያህል ሽቦ ነው። ሦስት ፍላሽ ከነሞዴሊንግ አምፖሉ (ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ለማየት ሁሌ ከሚበራው) ሲሰካበት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሶኬቱም ይግላል። ሶኬቱ ላልቷል ብለው ክብሪት እንጨት የሚሰኩበትም አሉ። ያ እሳት ይጋብዛል፣ እባካችሁ ተዉት። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አስገዝታችሁ በጥሩ ሶኬት አሠሩ። ስትጠቀሙበት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ የሚሠራ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም።

በትንሽ ጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ ሞዴሊንግ አምፖሎቹን አጥፉ፣ ፍላሾቹንም አንድ በአንድ አብሩ። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ግን አትሰኩ። ፍላሽ ሲሞላ በአንድ ጊዜ የሚስበውን አይችልም።

መብራት ሄዶ መጣ፣ ፍላሹ ሞተ

በየሳምንቱ የማየው ይሄ ነው። ታሪኩም ሁሌ አንድ ነው። ፎቶ እየተነሳ መብራት ይሄዳል። ሙሽሮቹ ይቀመጣሉ፣ ሚዜዎቹ ስልካቸውን ያወጣሉ። ፍላሾቹን የሚያጠፋ የለም። መብራቱ ሲመለስ አንዱ ፍላሽ "ጧ" ይላል፣ ወይም ድምፅ እንኳን ሳያሰማ ይቀራል። አምፖሉ አይበራ፣ ፋኑ አይዞር፣ ስክሪኑም ጨለማ።

ምክንያቱን እወቁት። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ወዲያው 220 ላይ አይረጋም፤ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ተመልሶ ይሄዳል። ከዚህ የሚብሰው ኒውትራሉ፣ ማለት መመለሻ ሽቦው፣ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ነው። ሰፈሩ የሚመገበው በሦስት ፌዝ፣ ማለት ኃይል በሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች ነው። በአንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ፣ በሁለት ፌዝ መካከል ግን 380። ኒውትራሉ ሲጠፋ፣ ጎረቤት በሚጠቀመው ልክ እናንተ ሶኬት ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የቤቱ አምፖሎች ከወትሮው ደምቀው ሲበሩ ካያችሁ ምንም አትጠብቁ፣ ሮጣችሁ ብሬከሩን አውርዱ።

ፍላሹ ውስጥ ለዚህ የተቀመጠ ጠባቂ አለ፣ ቫሪስተር ይባላል። ሳንቲም የሚያህል ክብ ነገር ነው፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ፣ የኤሌክትሪክ መግቢያው ጀርባ የተበየደ። ብዙ ጊዜ የማገኘው 14ዲ471ኬ የሚል የተጻፈበትን ነው፤ እስከ 300 ቮልት ኤሲ ይችላል። ከዚያ አልፎ ሲቆይ ራሱ ሾርት ይሆንና ፊውዙን ያቃጥላል። ፊውዙ ተቃጠለ ማለት ብዙ ጊዜ ሌላው ክፍል ዳነ ማለት ነው። ስለዚህ ፊውዝ ሲቃጠል አትናደዱ፣ የሚነግራችሁን ስሙ።

ኬብሉን ከፍላሹ ንቀሉ። ከመሰኪያው አጠገብ ትንሽ ክዳን አለች፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ትወጣለች። ውስጧ ያለው ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ 5 በ20 ሚሊሜትር የሆነ የመስታወት ቱቦ ነው። ወደ መስኮት ይዛችሁ እዩት። ቱቦው ጥርት ብሎ ክሩ መሃል ላይ ብቻ ከተበጠሰ፣ አርጅቶ ወይም ትንሽ ጭነት በዝቶበት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ለውጡና ሞክሩ። ቱቦው ከውስጥ ጠቁሮ ወይም ብርማ ቅብ ይዞ ክሩ ጭራሽ ከጠፋ ግን ውስጥ ሾርት አለ። ሁለተኛ ፊውዝ አታስገቡ። እሱም ይቃጠላል፣ ሌላም ይዞ ይሄዳል።

ስትለውጡ የብረት ጫፉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኤፍ ፈጣን ነው፣ ቲ ዘገምተኛ። አምፔሩም፣ 250 ቮልት የሚለውም አንድ ዓይነት ይሁን። 5 አምፔር የነበረውን "ይበርታ" ብላችሁ በ15 አትተኩ። የመኪና ፊውዝም አይሆንም፣ ለ32 ቮልት የተሠራ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። አንድ በዕድሜ የገፉ ፎቶ አንሺ ፍላሻቸውን ይዘው መጡ። ክዳኑን ስከፍት ፊውዙ በሲጋራ ወረቀት ተጠቅልሏል፣ በዚያ በሚያብለጨልጨው።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን አስገባው?" አልኳቸው።

"ረዳቴ ነው። ለዛሬው ሰርግ ብቻ ብሎኝ ነበር።"

ሰርጉ አልፏል። ወረቀቱ ግን እዚያው ቀረ፣ መብራትም እንደገና ሄዶ መጣ። ፍላሹን ስፈታው ቫሪስተሩ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ፈንድቷል፣ የቦርዱ የመዳብ መስመር ከነሥሩ ተላጥቶ ተጠቅልሏል። የጥላሸቱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አንድ ፊውዝ ይጨርሰው የነበረ ጉዳይ ሙሉ ቦርድ አስቀየረ።

ሌላው ደግሞ የመጣው ከሌላ ጠጋኝ ነው። ጠጋኙ ቫሪስተሩ ፊውዝ እንደሚያቃጥል አይቶ ቆርጦ ጥሎታል። ፍላሹም ሠራ፣ ባለቤቱም ተደሰተ። ቀጣዩ ጉዳት ግን የፍላሹን ኃይል የሚያጠራቅመው ዋናው ካፓሲተር ላይ አረፈ፤ አናቱ አብጦ ፈሳሹ ቦርዱ ላይ ፈሰሰ። ቫሪስተር አይቆረጥም። በራሱ ዓይነት ይተካል። ቆርጦ የሚጥል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ በጣም እበሳጫለሁ፤ ዕቃው ርካሽ ነው።

ለጠጋኞች አንድ ነገር ልጨምር። ጥገናው ሲያልቅ ፍላሹን ቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩ። ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ አስገቡና በእሱ በኩል አብሩ፣ ሞዴሊንግ አምፖሉን አውጥታችሁ። አምፖሉ ደምቆ ቀስ በቀስ ከደበዘዘ ካፓሲተሩ እየሞላ ነው፣ መልካም። ደምቆ ከቀረ አሁንም ሾርት አለ፣ ግን ምንም አልተቃጠለም።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት

ባለሙያ ካልሆናችሁ አትክፈቱ። ባለ 400 ዋት ሰከንድ ፍላሽ ሲሞላ 400 ጁል ይይዛል። ሆስፒታል ውስጥ ልብ የሚያስነሳው ማሽን እንኳን ከፍተኛው ብዙውን ጊዜ 360 ጁል ነው። ከሶኬት መንቀል አይበቃም። አጥፍታችሁ ቴስት ቁልፉን መጫንም ሙሉ በሙሉ ባዶ አያደርገውም፤ የቀረው ሊገድል ይችላል፣ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። ካቻቢቴ በሁለቱ ጫፍ ላይ አድርጎ "ጧ" ማስባል የጀብድ ሥራ አይደለም፤ የካቻቢቴው ጫፍ ቀልጦ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔ በተከታታይ የታሠሩ ሁለት ባለ 220 ቮልት የድሮ አምፖሎች እጠቀማለሁ። ከዚያ በቴስተር እለካለሁ። ዜሮ አጠገብ ሳይደርስ እጄን አላስገባም። ሁለተኛው እጄም ቦርዱን አይነካም።

ዳግም እንዳይሞት

መብራት በሄደ ቅጽበት ፍላሾቹን አጥፉና ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ ሳይሆን መንቀል። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ይህን ሥራ ለረዳቱ በስሙ ስጡት፤ "ማንም ያጠፋዋል" ከተባለ ማንም አያጠፋውም። ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ለፍሪጅ የሚሸጠውን መከላከያ ግዙ። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ያቋርጣል፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። አምፔሩ ፍላሾቻችሁን የሚችል መሆኑን ጠይቁ።

ወራት የተቀመጠ ፍላሽ

ሳጥን ውስጥ ከርሞ የወጣ ፍላሽ በሙሉ ኃይል አይጀመርም። ካፓሲተሩ ሳይሠራ ሲቆይ ውስጡ ይዳከማል፣ ድንገት ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል። ዝቅተኛው ኃይል ላይ አብሩት፣ ሳታስመቱት ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ጥቂት እያስመታችሁ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጉ። በዓመት ሁለቴ ለሰርግ ብቻ የምታወጡት ከሆነ በየሁለት ሦስት ወሩ አንዴ አብሩት።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

ሞልቷል ይላል፣ ግን አይመታም፦ የፍላሽ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ዙሪያውን ያለው ቀጭን ሽቦ ላልቷል። አዲስ ቱቦ በባዶ እጅ አትንኩ፣ የእጅ ቅባት ሲግል መስታወቱን ይጎዳዋል።

ሞዴሊንግ አምፖሉ ብቻ አይበራም፦ አምፖሉ ነው፣ ወይም የራሱ ፊውዝ። 150 ዋት የሚል ላይ 250 አትሰኩ። ሶፍትቦክሱ (ብርሃኑን የሚያለሰልሰው የጨርቅ ሳጥን) ይጨሳል፤ ጨርቁ አምፖሉን ነክቶ የተበሳ ሶፍትቦክስ አይቻለሁ።

እየጮኸ ይቆማል፦ ግሏል። የፋኑን አቧራ በብሩሽ አጽዱ፣ የማይዞር ከሆነ አስቀይሩት። ፋኑ ቆሞ "ለዛሬ ይሁን" ተብሎ የሚሠራበት ፍላሽ ቱቦውንም ይዞ ይሄዳል።

የሁለት ፍላሾች ቀለም አይመሳሰልም፦ አንዱ ሙሉ ኃይል ላይ፣ ሌላው ዝቅተኛው ላይ ከሆነ ርካሽ ፍላሾች ቀለማቸው ይለያያል። ኃይላቸውን አቀራርቡና ልዩነቱን ፍላሾቹን በማራቅና በማቅረብ አስተካክሉ። የአንዱ ቱቦ ጫፉ ጠቁሮ ከሆነ ደግሞ አርጅቷል፣ ይቀየር።

ወደ ጠጋኝ ስትሄዱ የተቃጠለውን ፊውዝ አትጣሉት፣ በላስቲክ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ማን እንደከፈተው፣ ምን እንደተቀየረ፣ መብራት ሄዶ እንደነበር በግልጽ ንገሩት። እናንተ ዝም ያላችሁትን እሱ ለማግኘት ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል።