ተሰርቆ የተገኘ ሳልቬጅ መኪና፦ ችግሩና መፍትሄው

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስትፈልጉ ይህን መስማታችሁ አይቀርም፦ «ሳልቬጅ ነው፤ ግን አልተጋጨም። ተሰርቆ ተገኝቶ ነው።» ሳልቬጅ የሚባለው ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ ሙሉ ካሳ ከፍሎበት ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ይህ ቃል የተጻፈበት መኪና ነው። ሻጩ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ መኪና ለጥቂት ሳምንታት ካልተገኘ ኢንሹራንሱ ለባለቤቱ ካሳ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ቢገኝ መኪናው የኢንሹራንሱ ነው፤ እንደ ኮፓርት ባሉ ጨረታዎች ይሸጠዋል። ያልተጋጨ መኪና ታይትል ላይ «ሳልቬጅ» የሚለው ቃል ሊያርፍ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ጥሩ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሌባው እጅ ሳለ ምን እንደደረሰበት ማወቅ ግን ግድ ነው።

ሻጩ የጨረታ ፎቶ አያሳይም

መኪናው ለጨረታ ሲቀርብ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሳል። ሻጩ «ጠፍቶብኛል» ካለ አትጨቃጨቁ። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን ቪን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ኢንተርኔት ላይ ጻፉት፤ የድሮው ፎቶ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ፎቶው ላይ ወንበር ወይም በር ከሌለው፣ አሁን ያለው ከየት እንደመጣ ደረሰኝ ጠይቁ። ኤንኤምቪቲአይኤስ (NMVTIS) የሚባለው የፌዴራል የታይትል መዝገብ ሪፖርት ደግሞ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ታይትሉ ወደ ሌላ ስቴት ተወስዶ «ታጥቦ»፣ ማለትም ሳልቬጅ የሚለው ቃል እንዲጠፋ ተደርጎ ከሆነም ሊያጋልጠው ይችላል።

የመሪው ስር ፕላስቲክ ተሰብሯል፣ ቁልፉም አንድ ብቻ ነው

እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ኪያዎችና ከ2015 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ሀዩንዳዮች፣ በተለይ ቁልፍ ተጠምዝዞ የሚነሱት፣ ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መሣሪያ) የላቸውም። ሌባ ፕላስቲኩን ገንጥሎ በዩኤስቢ ጫፍ ያስነሳቸዋል። ጠጋኙ ሽፋኑን ቀይሮ ውስጡን እንዳለ ሊተወው ይችላል። ሽፋኑን አስከፍቱና የቁልፍ ማዞሪያውንና ሽቦውን እዩ። ከ2023 ጀምሮ ድርጅቶቹ ነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ ይሰጣሉ፤ መኪናው አግኝቶት እንደሆነ ዲለር ጋ ደውላችሁ በቪኑ ጠይቁ። መኪናው ቺፕ ያለው ቁልፍ የሚጠቀም ከሆነ የድሮዎቹን ቁልፎች ከኮምፒውተሩ አስሰርዙ። ሌላው ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ አታውቁምና።

የኤርባግ መብራት አይጠፋም፣ ወይም ጭራሽ አይበራም

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ኤርባግ ውድ ስለሆነ ሌቦች ነቅለው ይሸጡታል። አንዳንድ ጠጋኝ ባዶ ክዳን ገጥሞበት፣ ኮምፒውተሩን በሬዚስተር ያታልላል። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩና ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ሆን ተብሎ ተሸፍኖ ወይም ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። መብራቱ በትክክል ቢሠራም እንኳ በዚህ ብቻ አትተማመኑ። መካኒኩ በስካነር ይፈትሸው፤ ተቀይሯል ከተባለ ደግሞ ከፍቶ ዕቃውን ይይ። በ2024 የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ርካሽ ምትክ የኤርባግ መንፊያዎች ሰው መግደላቸውን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። ሻጩ ይህን ምርመራ እንቢ ካለ ጥላችሁ ሂዱ።

ሞተሩ ሲነሳ ያጓራል

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) ተቆርጦ ተወስዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የቆየ ፕሪየስ ከሆነ። ማስተኪያውን ዋጋ ጠይቃችሁ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። የጭስ ምርመራ ያለበት ስቴት ከሆናችሁ ያለሱ አታልፉም።

ቪኑ አይገጥምም

በመስታወቱ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው፣ ሾፌሩ በር ላይ ያለው ስቲከርና ታይትሉ አንድ ቁጥር መያዝ አለባቸው። ስቲከሩ ከተላጠ፣ ወይም አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ዋጋ አትደራደሩ። መኪናው እስካሁን የሌላ ሰው ንብረት ከሆነ ፖሊስ ይወስደዋል፤ ገንዘባችሁም ቀልጦ ይቀራል። ኤንአይሲቢ የሚባለው ድርጅት ቪን በነፃ ይፈትሻል። ተገኝቶም ከተሰረቁ መኪኖች መዝገብ ያልተሰረዘ መኪና አለና፣ ፖሊስ ማግኘቱን የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ። ያለዚያ መንገድ ላይ እጃችሁ በካቴና ሊታሰር ይችላል።

ገዝታችሁ ታርጋ ተከለከላችሁ

ሳልቬጅ ታይትል ያለው መኪና እንዳለ መንገድ ላይ አይነዳም። ተጠግኖ፣ ተመርምሮ «ሪቢልት» መባል አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ የሚመረምረው የስቴቱ ፖሊስ ነው፤ የተቀየሩትን ዕቃዎች ደረሰኝ ይዛችሁ ቅረቡ። እኔ የምመክረው ሻጩ ራሱ ይህን ጨርሶ ሪቢልት ታይትል እስኪያወጣ እንድትጠብቁ ነው።

መኪናው ሠላም ነው፣ ሥራ ግን አይቀበለውም

ኡበርና ሊፍት ሳልቬጅም ሪቢልትም ታይትል አይቀበሉም፤ መኪናው አዲስ ቢመስልም። ልትሠሩበት ካሰባችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ። ለግላችሁ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውሉ፣ ቪኑን ስጡ፣ ፉል ከቨሬጅ (የራሳችሁን መኪና ጉዳትም የሚሸፍን) ይሰጣችሁ እንደሆነ በኢሜይል አስጽፉ። አንዳንዶቹ ሊያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት የሚሸፍን) ብቻ ነው የሚሰጡት። ባንኮችም ብዙዎቹ ብድር ስለማይሰጡበት፣ ነገ ስትሸጡት ገዢያችሁ ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ ዛሬ ዋጋ ስትደራደሩ ይህንንም አስቡት።